ጓሮ የበቀለ ስንዴ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የኔ ጉድ ግን መስከረምን አሳልፎ ጥቅምት ላይ ከተፍ አለ። ያውም በገዛ ጓሮዬ፣ እኔው ራሴ በጠራሁት ሰው ፊት። እስከ ዛሬ ሳስበው ክው እላለሁ።

እናናየሁ እባላለሁ። ቤቴ ከእነዋሪ ገበያ ወጣ ብሎ ነው። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ፣ ውሸት አይደለም። ባሌ ወልደአረጋይ የዕድራችን ዳኛ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ የተጣላን ሰው በሁለት ቃል የሚያስታርቅ። የሱን ዝምታ የማካክሰው እኔ ነበርኩ። ልጅ አልሰጠንም። ጸበሉንም ተጠመቅን፣ ስለቱንም ተሳልን፣ አልሆነም። ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት ስሙም አብሮት አፈር ይገባል፤ ዓመት ዞሮ የሚጠራው የለም። እኔን ሌት ተቀን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነበር።

ወልደአረጋይን አንድ ጠዋት ግማሽ ጎኑን መታውና አልጋ ላይ ቀረ። ሁለት ክረምት አስታመምኩት። ለጠያቂ ሁሉ "ደህና ነው፣ እጅና እግሩ ብቻ ነው እምቢ ያለው" እል ነበር። ብርሃን እንዲያይ ብዬ አልጋውን ከጓሮው በር ትይዩ አድርጌለት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ "እናናዬ፣ እዚያ ጋ የበቀለችው ምንድን ናት? ስንዴ አይደለችም?" አለኝ።

ጓሮ ስንዴ ማን ይዘራል? ወጥቼ ባያት እውነትም ስንዴ ናት። ማንም ሳይዘራት የበቀለች ስንዴ! ጎንበስ ብዬ ልጨብጣት ብል እግዚኦ፣ ከአንድ ሥር የወጣው አገዳ እጄን ሞልቶ ተረፈ። የኛ አገር ስንዴ ማሳ ላይ ሁለት አገዳ፣ ቢበዛ ሦስት ነው የሚያወጣው። ይቺ እንደ ቄጠማ ፈልታለች። አጠገቧ ያሉትም እንደዚያው።

"ቁጠሪያት" አለኝ ከአልጋው ሆኖ።

ሃያ ላይ ስደርስ ተምታታብኝ። "እንደገና ቁጠሪ" አለና ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስንዴዋን ባቅፋት ደስ ባለኝ።

በኛ ዘንድ ዘር በአመጣው ሰው ስም ነው የሚጠራው። የእነ እገሌ ባቄላ፣ የእነ እገሌ ጤፍ ይባላል፤ ሰውየው ከሞተ በኋላ እንኳ ገበያ ላይ ስሙ ይነሳል። ወልደአረጋይም ይህን አስቦ ነው መሰል፣ ያጨድኩለትን ዛላ በደህናው እጁ እያገላበጠ፣ "ይቺን እንዳትበያት። ዘር አድርጊያት። ስሜን የሚጠራ ልጅ አልተውኩም፣ እሷ ትጥራልኝ" አለኝ። ታኅሣሥ ሳይወጣ ሞተ።

እንግዲህ የኔ ሥራ ይኼ ሆነ። በመጣው ክረምት እዚያው ጓሮ መልሼ ዘራሁት፤ መልሶ ፈላ። ከዘሩ ለየጎረቤቱ እፍኝ እፍኝ አድዬ ነበር፣ "የወልደአረጋይ ስንዴ ነው፣ ስሙን እንዳትረሱ" እያልኩ። ለባየውም ሰጠሁት። ባየው አጥር ተጋሪዬ ነው። ከወልደአረጋይ ጋር እንደ ወንድም ነበሩ፤ ከኔ ጋር ግን እሳትና ጭድ ነን። ዶሮዬ ገባች፣ ቦዩን ዘጋሽብኝ፣ ጭስሽ መጣብኝ፣ ብቻ ሰበብ አናጣም።

ታዲያ ይኸው ባየው አንድ የገበያ ቀን፣ እነዋሪ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የወልደአረጋይ ስንዴ ብላ የሰጠችኝን ማሳዬ ላይ ዘራሁት። ሁለት ሁለት አገዳ አውጥቶ ቀጥ አለ። ያው የሁላችን ስንዴ ነው።"

ደሜ ፈላ። "አመድ በዱቄት ይስቃል!" አልኩት። "አንተ ማረስ ሳትችል ስንዴው ምን ያድርግህ?"

"እኔ ነኝ ማረስ የማልችለው?"

"አዎ አንተ! ዘር ከልጓም ይስባል፤ አባትህም አይችሉም ነበር!"

"ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሙት አታንሺ!"

"ሙት ያነሳኸው አንተ! የወልደአረጋይን ስም ነው እኮ እያረከስክ ያለኸው!"

ሰው መሀል ገብቶ ገላገለን። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሰው ውሸት ነው ካለ ነገ ሁሉም ውሸት ነው ይላል፤ ስሙም በዚያው ጭጭ ይላል። ስለዚህ ከጓሮዬ አንድ ነዶ ከነሥሩ ነቅዬ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። እዚያ ስንዴ የምትመራመር ሔራን የምትባል ልጅ አለች ብለውኝ ነበር።

ሔራን ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ነዶውን ስፈታላት ሳቋ ቀጥ አለ። አንዷን ከነሥሯ አንስታ አገዳዋን ቆጠረች፤ አፏን ይዛ ደገመች። "እማማ፣ ይህን ከየት አመጡት?"

ሁሉንም ነገርኳት። የባየውን ክፋት ሳይቀር።

"እማማ፣ ላታልልዎ አልፈልግም" አለችኝ። "በስንዴ ውስጥ 'ይህን ያህል አገዳ አውጣ' ብሎ የሚያዝ፣ ከእናት ከአባት የሚወርድ ነገር አለ። ዘረመል እንለዋለን። የሰው ልጅ ቁመቱን ከወላጁ እንደሚወርስ ማለት ነው። ግን ደግሞ ልጅ በረሃብም ይቀጭጫል፣ በምግብም ይፋፋል። ስንዴም እንደዚያው ነው። ይህ የበዛው ከዘሩ ይሁን ከመሬቱ ሳንለይ መናገር አንችልም።"

"ከዘሩ ነው!" አልኳት። "ከዘሩ ከሆነስ?"

"ከዘሩ ከሆነማ ጉድ ነው። ስሙን ራሴ አስወጣለታለሁ፤ የወልደአረጋይ ስንዴ ተብሎ አገር ይዘራዋል።"

እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ልጅቷ ውሃ አምጥታ አጠጣችኝ።

ሐምሌ ላይ መጣች። እዚያ በእነሱ መሬት እንደዘራችው ሁሉ በኔም ጓሮ ሦስት መስመር ዘራች። አንዱ የወልደአረጋይ፣ አንዱ የባየው። የባየውን ዘር ለመለመን አጥሩ ጋ የሄድኩት እኔው ነኝ፤ እሱም ዘግኖ ሰጠኝ። ሦስተኛውን ሔራን ከደብረ ብርሃን ነው ያመጣችው። በየመስመሩ ጫፍ ቁጥር ያለበት እንጨት ተከለች።

"የትኛው የማን እንደሆነ አልነግርዎትም" አለችኝ።

"ለምን?"

"አውቅዎታለሁ። ለወልደአረጋይ ብቻ ውሃ ያጠጡለታል።"

ሳቄ አመለጠኝ፤ እውነቷን ነበር። ደብረ ብርሃን ሄዳ ቀረች፤ አንዴ ብቻ ብቅ ብላ ከየመስመሩ ቅጠል በጥሳ ወሰደች።

ክረምቱ ወጣ። ሁለቱ መስመር ፈላ፣ ተንዠረገገ፣ መሬት አላሳይ አለ። ሦስተኛውን ብታዩት ታዝኑለታላችሁ! እያንዳንዱ አንድ አገዳ፣ አንድ ዛላ፤ ባሏ እንደሞተባት ሴት ብቻውን የቆመ። ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ከፈሉት ሁለቱ አንዱ የወልደአረጋይ፣ አንዱ ከደብረ ብርሃን የመጣው ምርጥ ዘር። ያ አንድ አገዳውስ? ያማ የባየው ነዋ! ሌላ የማን ሊሆን?

ያን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት! ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንደሩን ሁሉ ጠራሁ። "ሔራን ማክሰኞ ትመጣለች። ኑና የባየውን ስንዴ እዩ!" አልኩ። ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ደፍቼ ጠበቅኋቸው። አጥሩ ሰው ተደገፈበት። የባየው ሚስት አልታየች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ መጣች፤ ባየውም ከኋላዋ። እኔማ ያን ቀን መሬት አልረግጥ ብዬ ነበር።

ሔራን እንጨቱን ሳታይ በፊት ፊቴን አየች። "እማማ፣ መጀመሪያ ለብቻችን ብንነጋገር አይሻልም?"

"ምን ለብቻ! ሰው ሁሉ ይስማ!" አልኩ።

አንገቷን ደፋች። ከዚያም አንድ አገዳ ብቻ ወዳለው መስመር ሄደች። "ይህ የኛ ነው" አለች።

"የናንተ?"

"ከደብረ ብርሃን ያመጣነው ነው። ከተፈጥሮው በዘሩ አንድ አገዳ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ምን ዓይነት መሬት ላይ ቢዘሩት። ዘር ሲያዝ እንዲህ ነው፤ ይኸው በዚህ በለማ መሬት እንኳ አንድ ነው ያወጣው።" ወደ መሀለኛው ዞረች። "ይህ የወልደአረጋይ ነው።" ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ግን ዓይኔን ከቀረው መስመር መንቀል አቃተኝ፤ ያው እንደ መሀለኛው ፈልቶ፣ ዛላው በነፋስ እየተወዛወዘ።

"ይህ ደግሞ የአቶ ባየው ነው" አለች።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። አንድም ሰው አልሳቀብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሁለቱም እኩል ነው የበዙት" አለች ሔራን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በኛ መሬት ደግሞ ሁለቱም ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ነው ያወጡት። ቅጠላቸውንም ቤተ ሙከራ አስገብተን መርምረነዋል። እማማ፣ ሁለቱ ወንድማማች እንኳ አይደሉም። አንድ ናቸው። የወልደአረጋይ ያሉት ስንዴና የአቶ ባየው ስንዴ ያው አንድ ዘር ነው።"

"ውሸት ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ቀይረሽብኝ ነው! እሱ ተለማምጦሽ ነው!"

ልጅቷ አልተቆጣችም። ቁጢጥ ብላ ከሥሩ አፈር ዘገነች። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ልስልስ ያለ፤ ማሳችን ላይ እንዲህ ያለ አፈር የለም። አሸተተችውና ቀና አለች። "ሚስጥሩ ያለው ከዘሩ ሳይሆን ከዚህ ነው። እማማ፣ እዚህ ቦታ ላይ ምንድን ነው ሲደፋ የኖረው?"

ያን ጊዜ ነው መብረቅ የመታኝ።

ልንገራችሁ። ለናንተ፣ ለማታውቁት፣ ልንገራችሁ፤ እነዋሪ መጥታችሁ ብትጠይቁኝ ግን እክዳለሁ። ወልደአረጋይን እምቢ ያለው እጅና እግሩ ብቻ አልነበረም። ሽንቱንም መያዝ አቅቶት ነበር። ያ ኩሩ ሰው፣ ያ አገር የሚያከብረው ዳኛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ "እናናዬ፣ ገመናዬን ሰው እንዳይሰማ" ብሎኝ ነበር። በእማምላክ ማልኩለት። ፍራሽ አልሆን ሲል ከሥሩ ጭድ እጎዘጉዝለት ጀመር። የረጠበውን ጭድ ሰው ሳይነሳ እሰበስብና ጓሮ እደፋዋለሁ፤ አንሶላውን ያጠብኩበትንም ውሃ እዚያው፤ ሽታው እንዳይወጣ አመድ አለብስበታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ። ስንዴዋ የበቀለችው ለካ ከጭዱ ከቀረ ፍሬ ነው! ያን ሁሉ አገዳ ያወጣችው ለካ የሱን ገመና ጠጥታ ነው!

ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ብናገር ገመናውን በአደባባይ ማውጣቴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ እናናየሁ በሙት ስም ተረት ፈጠረች ሊባል ነው።

"አመድ" አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም። "አመድ ነው የምደፋው።"

"አመድ ብቻ እንዲህ አያደርግም" አለች ሔራን። "ፍግ አለበት፣ ወይም…"

"ፍግማ ከየት አባቱ?" አለ አንዱ ከአጥሩ ማዶ። "እበቱ ሁሉ ለኩበት እያለቀ!" ሌላውም፣ "እኔም አመድ እደፋለሁ፣ ምነው የኔ ጓሮ እንዲህ ያላለ?" አለ። ማጉረምረም ተጀመረ። ሔራን ፊቴን አየችና የዘገነችውን አፈር መልሳ በተነችው፤ አንድ ነገር የገባት መሰለኝ። ግን የተጀመረ ወሬ በማን ይቆማል?

"የኔ በጎች ናቸው!" አለ ባየው።

ሁሉም ዞረ። እኔም ዞርኩ።

"ምን ታፈጣላችሁ? በጎቼ ናቸው አልኩ እኮ! ወልደአረጋይ ታሞ ሳለ አጥሩ ፈርሶ እዚህ ነበር የሚያድሩት። ሴትዮዋ በሽተኛ ይዛ ጓሮ የምታይበት ጊዜ ነበራት? እኔም ዝም አልኩ፤ ብነግራት ታርደኛለቻ! በሉ፣ ጠላዋን የሚጠጣ ይጠጣ፣ ያልጠጣ ወደ ሥራው።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። "ኧረ ባየው! ታዲያ በገበያ ያን ሁሉ የተሰደብከው በበግህ ነው?" እያሉት ወደ ጠላው ገቡ። አልታየችም ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። የባየው በግ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ጓሮዬን ረግጣ ብታውቅ እግሯን ይዤ አደባባይ እወስዳት ነበር። የባየው በጎች እዚያ አድረው አያውቁም።

ሰው ጠላው ላይ ሲሰፍር ባየውን አጥሩ ጋ ጠበቅሁት። "አንተ ሰውዬ፣ ምን ማለትህ ነው?"

"ምኑ?"

"በጉ!"

ወዲያ ወዲህ አየ። "እናናየሁ፣ እኔ እኮ አጥር ተጋሪሽ ነኝ" አለ። "ከዶሮ ቀድሜ የምነሳ ሰው ነኝ። አፍንጫም አለኝ።"

አጥሩን ያዝኩ። "ታውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው።"

"ለማን ነገርክ?"

"ለአልታየች እንኳ አልነገርኩም።"

ገበያ መሀል አባቱን ስሰድብ ይህን ያውቅ ነበር። አንድ ቃል ቢተነፍስ ያን ጊዜውኑ አንገቴን ደፍቼ እገባ ነበር፤ ረቺውም እሱ ነበር። ዝም አለ። የተሰደበውን ውጦ ዝም አለ! አሳፈረኝ አልልም፤ ከማፈርም አለፈ።

"ቆይ" አልኩት፣ አንድ ነገር ትውስ ብሎኝ። "ልጅቷ ሁለቱ ስንዴ አንድ ነው አለች። የኔ ጓሮ የበቀለው እንዴት ያንተ ይሆናል? ያን ዓመት የኔ ጭድ ገና ከጥር አልቆ ነበር። አጥሩ ሥር ተከምሮ ያገኘሁትን ነው ስጎዘጉዝ የከረምኩት፤ የዕድሩ ሰዎች ናቸው ያመጡልኝ ብዬ…"

ባየው መሬት መሬት አየ። "ከብቶቼ ያን ዓመት ትንሽ ከሱ" አለ። "ሌላ የሆነ ነገር የለም።"

ያን ጊዜ እንባዬ ፈነዳ። የምን ማፈር፣ የምን መከናነብ! ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ለባሌ አለቀስኩ፣ ለዚህ ክፉ አፌ አለቀስኩ። "ስሙ ቀረ በቃ!" አልኩ። "ዘሩ የሱ አይደለም። ስንዴውም ያንተ ነው፣ ጭዱም ያንተ ነው። ወልደአረጋይ አንድም ነገር ሳይተው ሄደ!"

"ምን ትጮሂያለሽ?" አለ ባየው፣ እንደ ድሮው ተቆጥቶ። "ስንዴው የኔ ነው አላለችም ልጅቷ?"

"ብላለች።"

"መርምረው አረጋግጠዋል?"

"አዎ አልኩህ!"

"እንግዲያው የገዛ ስንዴዬን ስም የማወጣለት እኔ ነኝ፤ አንቺን አላስፈቅድም" አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ሰዎቹ ሄደ። ጠላ የያዙት ከሩቅ፣ "ባየው፣ እስቲ ያን የጓሮውን ጉድ ምን እንበለው?" ሲሉት ሰማሁ።

"የወልደአረጋይ ስንዴ ነዋ!" አላቸው። "ሌላ ምን ሊባል?"

እኔ እናናየሁ፣ ለዚያ ለአጥር ተጋሪዬ ጠላ ልቀዳለት እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ ገባሁ።